የብረት በር፣ የመስኮት ፍርግርግና የቤት ዕቃ ሽፋን፦ ፓውደር ኮቲንግ ወይስ ቀለም?

የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ ወይም የብረት አልጋ የሚያሠራ ሰው በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ደጃፍ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «በቀለም ይሁን ወይስ ፓውደር ይደረግ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከዋጋ ልዩነት በቀር ሌላ ማብራሪያ ስለማይከተለው፣ ደንበኛው ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ይከፍላል፤ አለበለዚያም ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ርካሹን ይመርጣል። ሁለቱም ግምቶች ትክክል አይደሉም። ያለቦታው የተመረጠ ወይም በአግባቡ ያልተሠራ ሽፋን ሁለት ክረምት ሳይሻገር ሲላጥ የሚባክነው የሽፋኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ከሥሩ ያለው ላሜራና ለብየዳው የተከፈለው ገንዘብ ጭምር ነው። ከዚህም በላይ አሮጌ ቀለም በቤት ውስጥ መፋቅና ፓውደርን በመኖሪያ ቤት ለመሥራት መሞከር በቤተሰብ ጤናና ደኅንነት ላይ አደጋ የሚያስከትሉ ተግባራት በመሆናቸው ተለይተው ሊታወቁ ይገባል።

የሁለቱ አሠራር

ፈሳሽ ቀለም በመሠረቱ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፤ መልክ የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት፣ ዱቄቱን አያይዞ በብረቱ ላይ የሚያጣብቀው ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር፣ እንዲሁም ሁለቱን ለመቀባት እንዲመቹ የሚያቀጥናቸው ፈሳሽ። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ማቅጠኛው ይተናል። ይህም ማለት ከጣሳው ከወጣው ቀለም ጉልህ ክፍል የሚሆነው ብረቱ ላይ ሳይቀር ወደ አየር ይሄዳል፤ በተቀባ ክፍል ውስጥ ራስ የሚያዞረው ሽታም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ለብረት በተለምዶ የሚውለውና በገበያ ሲንተቲክ ወይም የዘይት ቀለም እየተባለ የሚጠራው ዓይነት፣ ማቅጠኛው ከተነነም በኋላ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ለቀናት ሲጠነክር ይቆያል። በመሆኑም በእጅ ሲነካ የደረቀ የሚመስል በር ውስጡ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተቀባ በር በማግስቱ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በገመድ ታስሮ ሲጓዝ በየቦታው የሚላጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በፓውደር ኮቲንግ ማቅጠኛ የለም። ሙጫውና መልክ ሰጪው ንጥረ ነገር አስቀድመው በፋብሪካ አብረው ቀልጠው፣ ቀዝቅዘውና ተፈጭተው እንደ ዱቄት የላመ ሽፋን ይሆናሉ። ዱቄቱ ከልዩ መርጫው ሲወጣ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ የሚሸፈነው ብረት ደግሞ በሽቦ ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዱቄቱን ወደ ራሱ ይስባል። ከዚያም ብረቱ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ዱቄቱ ይቀልጣል፣ ብረቱ ላይ ይንጣለላል፣ በመጨረሻም በኬሚካላዊ ለውጥ ይጠነክራል። ለአብዛኞቹ የፓውደር ዓይነቶች የሚያስፈልገው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ላለ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ የሚበላሽበት አንድ ነጥብ አለ። ደቂቃው መቆጠር ያለበት ምድጃው ከጋለበት ጊዜ ጀምሮ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ወደተፈለገው ሙቀት ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ቶሎ ይግላል፤ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንጎላሬ ግን ይዘገያል። ሁለቱ በአንድ በር ላይ ተበይደው ሲገኙና ሠራተኛው በችኮላ ሲያወጣቸው፣ ላሜራው በስሎ ክፈፉ ጥሬ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጥሬ የቀረው ክፍል በዓይን ሲታይ ከበሰለው አይለይም፤ እኩል ያብረቀርቃል። ጉድለቱ የሚታወቀው በሩ አገልግሎት ላይ ከዋለና የመጀመሪያው ግጭት ከደረሰበት በኋላ ነው።

በትክክል የተሠራ ፓውደር አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ውፍረት ይኖረዋል፤ ይህም ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። አንድ ዙር የዘይት ቀለም ግን ሲደርቅ ከ30 እስከ 40 ማይክሮን ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በቀለም የሚሠራ ብረት ቢያንስ አንድ ዙር የዝገት መከላከያና ሁለት ዙር ቀለም ያስፈልገዋል የሚባለው የቀለም ሻጭ ምክር ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ አንድ ዙር የተቀባ በር ተሸፍኗል ለማለት አይቻልም።

ከሽፋኑ በፊት ያለው ሥራ

የሽፋን ዕድሜ የሚወሰነው በአብዛኛው ከመቀባቱ በፊት በተሠራው ሥራ ነው። በዝገት፣ በዘይት ወይም በብየዳ ጥላሸት ላይ የተረጨ ፓውደር፣ በንጹሕ ብረት ላይ በብሩሽ ከተቀባ ተራ ቀለም ቀድሞ ይላጣል። ዋጋው ከፍ ስላለ ብቻ ከዝገት የሚያመልጥ ሽፋን የለም።

ከመደብር የሚገዛ ቱቦላሬ ብዙውን ጊዜ በማጓጓዣና በመጋዘን እንዳይዝግ ቀጭን ዘይት የተቀባ ነው። ዘይቱ በጨርቅ ሲጠረግ የጠፋ ይመስላል እንጂ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይዛመታል። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሥራ በለብታ ውኃና በዱቄት ሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና ወዲያውኑ ማድረቅ፣ ወይም በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጨርቁን ደጋግሞ እየቀየሩ መጥረግ ያስፈልጋል። እንደ አንጎላሬ ያሉ በትኩሱ የተዳመጡ ብረቶች ደግሞ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ቅርፊት አላቸው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሚመስል ብዙዎች በላዩ ላይ ይቀባሉ፤ ይሁንና ብረቱ በፀሐይና በቅዝቃዜ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ የተቀባውንም ይዞ ይወድቃል። በሽቦ ብሩሽ ብቻ በሚገባ አይለቅም፤ በግራይንደር ወይም በግፊት በሚረጭ ጠጣር ማጽጃ መነሳት አለበት። ለዚህ ተግባር የወንዝ አሸዋ መጠቀም የሠራተኛውን ሳንባ ለማይድን በሽታ የሚያጋልጥ በመሆኑ ደንበኛው በርካሽ ዋጋ ቢቀርብለትም ሊቀበለው አይገባም።

የብየዳ ፍንጣቂና የብየዳ ቅርፊት ተፍቆ መነሳት ይኖርበታል። ሹል ጠርዞችም በመጠኑ መለዘብ አለባቸው፤ ፈሳሽ ቀለምም ሆነ የቀለጠ ፓውደር ከሹል ጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ፣ ዝገት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። በደንብ የተደራጀ የፓውደር ሥራ ቤት ከዚህ በተጨማሪ ብረቱን በፎስፌት ኬሚካል ያጥባል፤ ይህም ሽፋኑ እንዲጣበቅና ጭረት ሲገጥመው ዝገቱ ከሥር እንዳይስፋፋ ይረዳል። ይህን እጥበት የማያከናውኑ ሥራ ቤቶች አሉ፤ የዋጋቸው ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ቱቦላሬን በሚመለከት ደግሞ ሁለቱም የአሸፋፈን ዘዴዎች የማይደርሱበት ቦታ አለ፤ እርሱም የብረቱ ውስጥ ነው። ከላይ ክፍት የሆነ የበር ክፈፍ የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል፣ ከውስጥ ወደ ውጭም ይበላል። ስለሆነም የላይኛው ጫፍ በብየዳ መደፈን፣ ከታች ደግሞ ትንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳ መኖር አለበት። ቀዳዳው ለፓውደር ሥራ ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ በእጥበቱ ጊዜ ውስጥ የገባ ውኃ በምድጃው ሙቀት ፈልቶ ሽፋኑን ስለሚያነፋው ነው።

ፓውደር የሚስማማውና የማይስማማው

ለብረት አልጋ፣ ለወንበርና ለጠረጴዛ እግር፣ ለመደርደሪያ፣ ለብስክሌት ክፈፍ፣ ለአሉሚኒየም መስኮትና በር፣ ተነቃይ ለሆነ የመስኮት ፍርግርግ ፓውደር የተሻለ ምርጫ ነው። እነዚህ ዕቃዎች በቀላሉ ወደ ሥራ ቤት ይሄዳሉ፣ ምድጃ ውስጥ ይገባሉ፣ በየቀኑም ይነካሉና ግጭትና ጭረት የሚቋቋም ሽፋን ያስፈልጋቸዋል። ልጆች የሚተኙበትን አልጋ በሚመለከት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ በሚገባ የበሰለ ፓውደር በቀላሉ አይፈረፈርም።

የግቢ በር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን የተለመደው አሠራር በሩ ከሥራ ቤት ከመጣ በኋላ ማጠፊያው በቦታው ላይ ከአምዱ ብረት ጋር መበየዱ ነው። ብየዳው በዙሪያው ያለውን ሽፋን ያቃጥላል፤ ፓውደር ደግሞ በተቃጠለበት ቦታ ዳግመኛ በፓውደር ሊጠገን አይችልም። ስለዚህ በሩን በከፍተኛ ዋጋ ፓውደር አስደርጎ በማግስቱ ማጠፊያውን ማስበየድ፣ ዝናብ በብዛት የሚያርፍበትንና ክብደት የሚሸከመውን ቦታ ያለ ሽፋን መተው ማለት ነው። ፓውደር የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ይኖርበታል፤ በሩ ያለ ሽፋን መጥቶ በአምዱ ላይ ይገጠማል፣ መቀርቀሪያውና ማጠፊያው ተስተካክሎ ይበየዳል፣ ከዚያም በሩ ተነቅሎ ወደ ፓውደር ይሄዳል። አምዱ ላይ የቀረው የማጠፊያ ክፍል በቀለም ይሸፈናል። ይህ ሁለት ጊዜ ማጓጓዝን ይጠይቃል፤ ወጪውም ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። በተጨማሪም ለመኪና የሚሠራ ሰፊ በር በሥራ ቤቱ ምድጃ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከብየዳው በፊት መጠየቅ ይገባል። በሩን በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ሠርቶ በብሎን ማያያዝ አንዱ መፍትሔ ነው።

ከግንቡ ጋር የተያያዘ የመስኮት ፍርግርግ፣ በረንዳ ላይ የተበየደ መደገፊያ፣ የውኃ ታንከር የተሸከመ የብረት ማማ የመሳሰሉት ወደ ምድጃ ሊሄዱ አይችሉም። ለእነዚህ ያለው ምርጫ ቀለም ብቻ ነው። እንጨት፣ ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ መስታወት ወይም ስቱኮ ያለበት ዕቃም እነዚህ ሳይነሱለት ወደ ምድጃ አይገባም። የከሰል ምድጃና እሳት በቀጥታ የሚነካቸው ዕቃዎች ተራ ፓውደርም ሆነ ተራ ቀለም አይስማማቸውም፤ ሁለቱም በሙቀቱ ተቃጥለው ጎጂ ጭስ ያወጣሉ። የጋዝ ሲሊንደር፣ ባዶ የሆነም ቢሆን፣ እንዲሁም ማንኛውም የተዘጋ ዕቃ ወደ ፓውደር ምድጃ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ይፈነዳል።

ፓውደር ሲመረጥ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ፓውደር የሚለው ነው። ኢፖክሲ የሚባለው ዓይነት ከብረት ጋር በጠንካራ ሁኔታ ይጣበቃል፣ ኬሚካልም ይቋቋማል፤ ነገር ግን በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር በጥቂት ጊዜ ውስጥ መልኩን ያደበዝዘዋል፣ እጅ ሲያርፍበትም እንደ ጠመኔ ይራገፋል። ኢፖክሲና ፖሊስተር የተቀላቀሉበትም ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን ነው። ለውጭ አገልግሎት የሚስማማው ፖሊስተር ነው። ጨረሩ ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እንደ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃንና ጎንደር ባሉ ደጋማ ከተሞች ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። ደንበኛው «ለውጭ ነው» ማለቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ የፓውደሩ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ተመልክቶ ሊያረጋግጥ ይገባል።

በቤት ውስጥ ወይም በግቢ በእጅ የሚቀባ ቀለም

በደንብ የተሠራ ቀለም ከፓውደር ያነሰ ምርጫ ተደርጎ መታየት የለበትም። ትልቁ ጥቅሙ መጠገን መቻሉ ነው፤ የተጫረ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ፣ በዝገት መከላከያ ተዳብሶ፣ በዚያው ቀለም ይሸፈናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብሩሽና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ብቻ ነው።

ብረቱ ከጸዳ በኋላ በዚያው ቀን በዝገት መከላከያ ወይም በተለምዶ አጠራሩ በአንቲራስት መሸፈን አለበት። ንጹሕ ብረት አንድ ሌሊት እርጥብ አየር ካገኘው በማግስቱ ስስ ዝገት ያበቅላል። በብየዳ መገጣጠሚያዎችና በጠርዞች ላይ አስቀድሞ በብሩሽ መቀባት፣ ከዚያም ጠቅላላውን በሩሎ ወይም በመርጫ መሸፈን ይመከራል። እዚህ ላይ በከተሞቻችን በስፋት የሚታይ ልማድ አለ፤ ቤቱ «እስኪያልቅ» ተብሎ በሩ ጡብ በመሰለው የአንቲራስት መልክ ለዓመታት ይቀራል። አንቲራስት የተሠራው ከብረቱ ጋር እንዲጣበቅና ለላይኛው ቀለም መያዣ እንዲሆን ነው፤ ብቻውን ውኃን ለረጅም ጊዜ አያግድም። ክረምት ያለፈበት አንቲራስት ከሥሩ ዝጎ ስለሚሆን፣ ከዓመታት በኋላ በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ዝገትን መሸፈን ይሆናል።

ማቅጠኛን በሚመለከት፣ በቀለሙ ጣሳ ላይ ከተመለከተው ውጭ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ መጨመር የተለመደ ጥፋት ነው። ቤንዚን እሳት ለማስነሳት እጅግ ቅርብ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ቶሎ ስለማይተን ቀለሙ ሳይጠነክር እንዲቆይ ያደርገዋል። ቀለም ቀቢው ቀለሙን ለማብዛት ከሚገባው በላይ ካቀጠነውም ዙሩ ሁለት ቢሆን እንኳ ውፍረቱ የአንድ ዙር አይሞላም። በጣሳው ላይ የተጻፈውን የማቅጠኛ መጠን አንብቦ ሥራው በሚጀመርበት ጊዜ በቦታው መገኘት ይህን ያስቀራል።

ጊዜውም ለውጥ ያመጣል። ማለዳ ላይ ብረት ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ በዓይን የማይታይ ጤዛ ይይዛል፤ በዚህ ሰዓት የተቀባ ቀለም በውኃ ላይ እንደተቀባ ይቆጠራል። በደጋማ አካባቢዎች ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀባት ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የተቀባው ከመጠንከሩ በፊት የምሽቱ ጤዛ ይደርስበታል፣ መልኩም ይደበዝዛል። በቆላማ አካባቢዎች በተቃራኒው በእኩለ ቀን ፀሐይ የጋለ ላሜራ ላይ የሚቀባ ቀለም ሳይንጣለል ስለሚደርቅ የብሩሹን መስመር እንደያዘ ይቀራል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት የውጭ ሥራን ማቆየት ተገቢ ነው።

ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ወይም ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ መቀባት አይገባም። በቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፤ ቀለሙም ከወራት በኋላ እንደ ወረቀት ይገለበጣል። ለዚህ ዓይነቱ ብረት ተብሎ የተዘጋጀ የመጀመሪያ ዙር ቀለም መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመኪና ቀለምን ለበር መጠቀም የሚመርጡም አሉ። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ዓይነት ጥሩ አንጸባራቂነትና ጥንካሬ አለው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ማጠንከሪያዎች አይሶሳያኔት የተባለ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። በመርጫ ሲረጭ የሚተነፍሰውን ሰው ለዘለቄታ የአስም በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል፤ ተራ የጨርቅ ጭንብልም አያግደውም። በመኖሪያ ግቢ፣ በተለይም ጎረቤት በተጠጋበት ቦታ፣ ይህን መርጨት የተከለከለ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

አሮጌ ቀለምና ሊድ

የቆየ በር ወይም አልጋ ለማደስ የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ስለሚቀባው ቀለም ሳይሆን ስለሚፋቀው ነው። ለረጅም ዘመን በብረት መከላከያ ቀለሞችና በደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለሞች ውስጥ ሊድ ይጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው የሊድ መጠን በአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ በገበያ ላይ የሚውለውን ቀለም ይቆጣጠራል፤ ከዚያ በፊት በየቤቱ የተቀባው ግን አሁንም በበሩና በመስኮቱ ላይ አለ።

ሊድ ያለበት ቀለም ሳይነካ እስካለ ድረስ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። አደጋ የሚሆነው በደረቁ ሲፈገፈግ ወይም በእሳት ሲነሳ ነው። ከግራይንደር የሚነሳው አቧራ በግቢው አፈር፣ በተሰጣ ልብስና በተሰጣ እህል ላይ ያርፋል፤ መሬት ላይ የሚጫወቱ ሕፃናት በእጃቸው ወደ አፋቸው ይወስዱታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያስከትልም የሚባል የሊድ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት አእምሯቸው በማደግ ላይ ያለ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች ሲሆኑ፣ ጉዳቱ ወዲያው በሕመም መልክ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

ዕድሜው ያልታወቀ ቀለም ሊድ እንዳለበት ተደርጎ ቢያዝ ይሻላል። ቀለሙ ያልተላጠ ከሆነ ሙሉ በሙሉ መፋቅ አያስፈልግም፤ ውኃ በማያበላሸው የብርጭቆ ወረቀት እያራሱ በመጠኑ መፈተግና በላዩ መቀባት ይበቃል። መፋቅ ግድ ከሆነ ብረቱን በውኃ እያረጠቡ በእጅ መፋቂያ መሥራት፣ ከሥሩ የፕላስቲክ ሸራ ማንጠፍ፣ ልጆችን ከግቢ ማራቅ፣ ፍርፋሪውን ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቦ ማሰር ያስፈልጋል። የሥራ ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብም።

በመኖሪያ ቤት ፓውደር ለመሥራት መሞከር

አነስተኛ የፓውደር መርጫዎች ለግለሰብ ይሸጣሉ፤ በኢንተርኔት የሚታዩ ምስሎችም ሥራውን ቀላል ያስመስሉታል። በመኖሪያ ቤት ይህን መሥራት አይመከርም። መርጫው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል፤ ብረቱ ከመሬት ጋር በትክክል ካልተያያዘ ዱቄቱ አይጣበቅም፣ ብልጭታም ሊነሳ ይችላል። የመሬት መስመር በሌለው ወይም ባልተረጋገጠበት ቤት ይህ አስቀድሞ የታወቀ ችግር ነው። በተዘጋ ክፍል አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ደግሞ ልክ እንደ ዱቄት ወፍጮ አቧራ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። አንዳንዶቹ የፖሊስተር ፓውደሮች ቆዳንና መተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ማጠንከሪያ አላቸው።

የማብሰያው ጉዳይም አለ። ፓውደር የተጋገረበት የወጥ ቤት ምድጃ ዳግመኛ ምግብ ሊሠራበት አይገባም። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ለዚህ ተግባር በጭራሽ መዋል የለበትም፤ ነበልባሉ ክፍት ስለሆነ ከብረቱ የረገፈው ዱቄት በእሳት ሊያያዝ ይችላል። አንድ ብስክሌት ወይም አራት የጠረጴዛ እግር ለማስዋብ ይህን ሁሉ መቀበል ምክንያት የለውም፤ ትናንሽ ዕቃዎችን ሰብስቦ ወደ ሥራ ቤት መውሰድ፣ ካልሆነም በቀለም መሥራት ይቻላል።

ከሥራ ቤቱ ጋር ሲዋዋሉ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ጥቅም ላይ የሚውለው ግን ደንበኛው ምን እንደሚጠይቅ ሲያውቅ ነው። «ፓውደር» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደረሰኝ ለቅሬታ ብዙም አይረዳም። በደረሰኙ ወይም በውሉ ላይ የብረቱ አጸዳድ፣ የፎስፌት እጥበት መኖር አለመኖሩ፣ የፓውደሩ ዓይነት፣ የዋስትናው ጊዜ እንዲሁም የመልኩ ቁጥር ቢሰፍር ይመረጣል። የፓውደር መልኮች በአብዛኛው ራል በሚባለው ሥርዓት በቁጥር ይለያሉ፤ ለምሳሌ 9005 ጥቁር፣ 7016 ጠቆር ያለ ግራጫ፣ 8017 ቡናማ ነው። ቁጥሩ ከተያዘ ከዓመታት በኋላ ለጭረት ማዳበሻ የሚሆን ተመሳሳይ ፈሳሽ ቀለም ማስቀየጥ ይቻላል። በቀለም ለሚሠራ ሥራም የዙሩ ብዛትና የቀለሙ ስም ይጻፍ፤ አንቲራስቱ ከተቀባ በኋላ፣ የላይኛው ቀለም ሳይቀጥል፣ ደንበኛው መጥቶ እንዲያይ መስማማትም ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚቀልለው ማረጋገጫ ቁራጭ ናሙና ነው። በሩ ከተሠራበት ቱቦላሬ የተረፈ አንድ ስንዝር ብረት ከበሩ ጋር አብሮ እንዲታጠብ፣ እንዲረጭና በዚያው ምድጃ እንዲጋገር ማስደረግ ይቻላል። ናሙናው ሲመጣ በስለት ጥቃቅን መስቀለኛ መስመር ይጫርበትና ጠንካራ ማጣበቂያ ፕላስተር ተለጥፎ በኃይል ይነሳል፤ ሽፋኑ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሳ አጸዳዱ ጉድለት አለበት። በቲነር የራሰ ነጭ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ሲታሽበት ሽፋኑ ከለሰለሰና መልኩ በብዛት ወደ ጨርቁ ከሄደ በሚገባ አልበሰለም። በመዶሻ ሲመታ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚረግፍም እንዲሁ። ይህን በበሩ ላይ ማድረግ በሩን ማበላሸት ሲሆን፣ በናሙናው ላይ ግን ወጪ የለውም፤ ናሙና ለመስጠት የማይፈቅድ ሥራ ቤትም በዚያው ስለ ሥራው ያለውን እምነት ገልጿል።

በውሉ መሠረት ያልተሠራ ሽፋን ሲያጋጥም ደንበኛው በቅድሚያ ለሥራ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የተላጠውን ቦታ ከነቀኑ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ደረሰኙንና ናሙናውን ማስቀመጥ ይኖርበታል። መግባባት ካልተቻለ ሥራ ቤቱ ለሚገኝበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የንግድ ፈቃድ ከሌለው ሠራተኛ ጋር ያለ ደረሰኝ የተደረገ ስምምነት ግን ለማስረጃ አስቸጋሪ ነው።

ሽፋኑ ፓውደርም ሆነ ቀለም፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ በሩን ማጠብና መመርመር ይገባል። መታየት ያለበት የዝናብ ጠብታ ከመሬት ተፈናጥቆ የሚመታው የታችኛው አንድ ክንድ ያህል ክፍል፣ የማጠፊያው ዙሪያ፣ የመቀርቀሪያው መጋጠሚያና የውኃ መውጫው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በጭቃ ተደፍኖ ከተገኘ በሽቦ ይከፈት፤ የዛገች ነጥብ ካለች እስከ ንጹሑ ብረት ተፈግፍጋ፣ በአንቲራስት ተዳብሳ፣ ሁለት ዙር ቀለም ትቀባ። ለዚህ ሥራ የዋለው በዘይት ቀለም የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጓዳ ጥግ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ከደረቀ በኋላ ይወገዳል።